ማታዶር ያልነው ሰው

ትናንት ልጄ የጥፍር ቀለሟን ታስለቅቅ ነበር። መምህሯ "ነገ በዚህ ጥፍር ክፍል እንዳትገቢ" ብሏት፣ በሩ ሥር ተቀምጣ ከትንሽዬ ጠርሙስ ጥጥ እየነከረች ቀዩን ቀለም ትፈትጋለች። ሽታው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ቀዝቀዝ የሚያደርግ፣ ጣፋጭ መሳይ፣ ግን የማይታመን ዓይነት ነው። ድስቱን እያማሰልኩ እጄ ቀጥ አለ።

"እማ፣ አመመሽ እንዴ? በሩን ልክፈተው?"

"ተይው። የላም ሽንት ሽታ ጎደለብኝ እንጂ ደህና ነኝ።"

ልጄ ሳቀች። እናቷ ነገር ማሳመር እንደምትወድ ታውቃለች። እውነቴን ነው ግን። ሁለቱ ሽታዎች እኔ ዘንድ ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ብቻውን ሲመጣ ሌላውን በዓይኔ እፈልገዋለሁ። ከሁለቱ ጋር ደግሞ ቁጥቋጦ ላይ የሚውለበለብ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ጋር አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ ከሰውዬው ጋር ደግሞ አንድ ቃል ይመጣል። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምንኖረው ከአሶሳ ከተማ በእግር በሚደረስ ሰፈራ መንደር ነበር። በድርቁ ዘመን ከወሎ ያመጡን ጊዜ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርኩ። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነው የሰጡት። እኛም ቁጥሩን እንደ ስም ለምደነው ኖርን። ትምህርት ቤት ወንድሞቼ ሄዱ፣ እኔ ቤት ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው። አባባ ከገበያ ሲመጣ ስኳሩን እናቴ ትገለብጣለች፣ ወረቀቱን እኔ እወስዳለሁ። ወረቀቱ ሁልጊዜ ግማሽ ነው፤ ዜናው ከመሃል ይጀምራል፣ ወይም ከመሃል ይቆረጣል። የቀረውን እኔ ከልቤ እሞላዋለሁ። ነገር ማውራት የለመድኩት እንደዚያ ነው።

እንግዲህ መንግሥት ተለወጠ። አገሩ "ክልል" ተባለ። በከተማው አዳዲስ ቢሮ ተከፈተ፣ አዲስ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ከየአገሩ ሠራተኛ ይመጣ ጀመር። እኛ ሰፋሪዎች ግን ነገሩ አላማረንም። ማታ ማታ "ሰፋሪ ወደመጣበት ይመለስ ተባለ" የሚል ወሬ ይነፍሳል፤ ማን እንዳለው፣ የት እንዳለው አይታወቅም። ጎረቤታችን ነገር የሚያውቅ፣ ምላሱ እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል ሰው ነበር። አንድ ቀን አባባን እንዲህ አለው፦

"አያ፣ ክልል ማለት እኮ አጥር ነው። አጥሩን አጠሩት፣ ደግ። እኛ የቀረነው ከውስጥ ነው ከውጭ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማታ ግን ያንኑ ነገር እያሰበ ነው የተኛው።

ከጎረቤታችን ጋር መቀናጆ ነበርን። እኛ አንድ በሬ፣ እነሱም አንድ በሬ። ቀንበሩ የእሱ፣ ሞፈሩ የእኛ። አንድ ቀን የእኛ ማሳ ይታረሳል፣ በማግስቱ የእነሱ። ሁለቱ በሬዎች ከመላመዳቸው የተነሳ አንዱ ሲቀር ሌላው አንገቱን እያዞረ ይፈልገው ነበር።

ሰውዬው የመጣው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። የከብት ሐኪም ነው አሉን፤ ከመሃል አገር የተመደበ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ገና ጢሙ በደንብ ያልሞላ ልጅ። ሞተር ብስክሌት ይነዳል። ለነፋሱ ብሎ ይሆናል፣ በዚያ ሙቀት ጥቁር የሚያብለጨልጭ ጃኬት ይለብሳል። ጃኬቱ ጀርባ ላይ ሥዕል ነበረበት፤ ጠባብ ባለወርቅ ልብስ የለበሰ ሰው ጨርቅ ዘርግቶ፣ ትልቅ ቀንዳም በሬ ወደ ጨርቁ ሲሮጥ። ከሥዕሉ በታች ትላልቅ የፈረንጅ ፊደል አለ። የከተማ ልጆች ፊደሉን ቆጥረው አነበቡትና ሞተሩ ባለፈ ቁጥር "ማታዶር! ማታዶር!" እያሉ ይሮጡ ጀመር። እሱም እጁን ያውለበልባል። በዚያው ማታዶር ሆኖ ቀረ። ሌላ ስም ይኑረው አይኑረው የጠየቀው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? ጀሪካን ይዞ ቤት ለቤት መዞር። የላም ሽንት ለመለመን!

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ወተት የሚለምን አይቻለሁ" አለች። "ቅቤም የሚለምን አይቻለሁ። ሽንት የሚለምን የመንግሥት ሠራተኛ ግን ወላሂ ዛሬ አየሁ።"

ሰጠነው። ማን ሽንት ይነፍጋል? ግን ከሄደ በኋላ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። በማግስቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ከብቶቻችን በሚውሉበት ጫካ ዳር ሰማያዊ ጨርቅ ተሰቅሎ ታየ። በሳምንቱ ሌላ። ከዚያም ሌላ። ወንዙን ተከትሎ እየተራራቀ እንደ ባንዲራ ተደረደረ።

"ድንበር ነው" አለ ጎረቤታችን። "ከጨርቁ ወዲያ አትለፉ ሊሉን ነው። ዛሬ ጨርቅ፣ ነገ ችካል፣ ከነገ ወዲያ ዕቃችሁን ጫኑ።"

"ሽንቱስ?" አለች እናቴ።

"እሱን አላህ ይወቅ። የከብቶቻችንን ሽንት ይዞ ምን እንደሚሠራበት እኔ መገመትም አልፈልግ።"

እኔ መገመት ፈለግሁ። አንድ ረፋድ ሞተሩን ጥላ ሥር አቁሞ ወደ ጫካው ሲገባ በሩቁ ተከተልኩት። ቀርከሃው መሃል ተደብቄ አየሁት። ከሰማያዊው ጨርቅ ሥር ተንበረከከ፤ ከጀሪካኑ ሽንቱን ወደ አንድ ጣሳ ገለበጠ፤ ከደረት ኪሱ ጠርሙስ አውጥቶ አጠገቡ ቀበር አደረገ። ያ ሽታ ነፋሱን ይዞ መጣና አፍንጫዬን ሞላው፤ ሽንትና፣ ከልጄ ጠርሙስ የሚወጣው ያ ቀዝቃዛ ሽታ አንድ ላይ።

"ምን ትሰልያለሽ?" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

"አልሰልልም። እንጨት እየለቀምኩ ነው።"

"እንጨቱስ?"

እጄን አየሁት፣ ባዶ ነው። ሳቀ። ነይ፣ እዪ ብሎ በእጁ ጠራኝ፤ አልቀረብኩም። ከዚያው ከቆምኩበት እንድሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያመጣው የቆላ ዝንብ ሰማያዊ ይወዳል። የላም ሽንት ይወዳል። ይሄን ሽታም ይወዳል። ላም ያገኘ መስሎት ይመጣና ከላይ ካለው መረብ ውስጥ ይቀራል።"

"ላም ሰማያዊ ናት እንዴ?"

"ለዝንብ እንዴት እንደምትታይ እኔ ምን አውቃለሁ?"

የማያውቅ ሐኪም ምን ያደርጋል ብዬ ሮጬ ተመለስኩ። ለእናቴ ጠርሙስ ይቀብራል ብዬ ነገርኳት። እሷ ደግሞ እኔ ከመናገሬ በፊት ሰምታው ነበር፤ ከእኔ ሌላም ቀርከሃው ውስጥ የሚደበቅ ሰው ነበረ ማለት ነው።

የመንደሩ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ነበረው፤ "ኩባ" ነው የምንለው። በደርግ ጊዜ በልጅነቱ ኩባ አገር ተልኮ፣ እዚያው ተምሮ አድጎ የተመለሰ ነው። ሲቆጣ በማናውቀው ቋንቋ ነው የሚቆጣው። እሱንም ሰው በሙሉ ልቡ አያምነውም ነበር፤ የላከው መንግሥት ወድቆ እሱ ብቻ እንደ ተረሳ ዕቃ ስለቀረ። አንድ ቅዳሜ ሰው ማንጎው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሳለ ጎረቤታችን ጠራው።

"መምህር፣ ያ ልጅ ጀርባው ላይ የተሸከመው ጽሑፍ ምን ይላል? በእንግሊዝኛ ነው?"

"እንግሊዝኛ አይደለም፣ እስፓኒሽ ነው" አለ ኩባ። ፊቱ በራ። ለዓመታት ማንም ያልጠየቀውን ነገር ነው የጠየቁት። "ማታር ማለት መግደል ነው። ማታዶር ማለት ደግሞ ገዳይ። ሙሉ ስሙ ማታዶር ዴ ቶሮስ ነው፤ የኮርማ ገዳይ።"

ማንጎ ከዛፉ ወደቀ፤ ልጆቹ እንኳ አልተሻሙበትም።

ኩባ ይህን ልብ አላለም፤ እጁን እያወራጨ ቀጠለ። "ስፔን አገር ክብ ሜዳ አለ። ሕዝብ ዙሪያውን ተቀምጦ ያያል። ኮርማ ይለቀቃል። ከኮርማው ጋር የሚገጥመው ሁሉ ቶሬሮ ይባላል፤ ቶሮ ማለት ኮርማ ነውና ከእሱ የወጣ ስም ነው። ብዙ ናቸው። ፈረስ ላይ ሆኖ የሚወጋ አለ፣ በእግሩ ሆኖ ትንንሽ ጦር የሚሰካ አለ። መጨረሻ ላይ የሚገድለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ማታዶር እሱ ነው።"

"በምን ይገድለዋል?"

"በሰይፍ።"

"ሥዕሉ ላይ ሰይፍ የለም እኮ።"

"አለ እንጂ። ከጨርቁ ጀርባ ነው። በሬው የሚያየው ጨርቁን ብቻ ነው።"

"ከጨርቁ ጀርባ" አለ ጎረቤታችን ቀስ ብሎ። ሌላውም ሰው በየአፉ ደገመው።

አባባ "በሬው አርሶ ያውቃል?" ብሎ ጠየቀ።

"አያርስም። ለዚሁ ብለው ነው የሚያሳድጉት።"

"ያልታደለ" አለ አባባ።

እኔ ከሴቶቹ መሃል ሆኜ ሳላስበው አፌ አመለጠኝ። "ቃሉ ራሱስ ከየት መጣ?" እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ኩባ ግን እንደ ትልቅ ሰው መለሰልኝ፤ ለዚህ እስከዛሬ እወደዋለሁ።

"እሱ ያከራክራል። አንዳንዱ ከጥንት ላቲን ነው ይላል፤ ለጣዖት መሥዋዕት ከማረድ የመጣ። ሌላው ደግሞ ዐረቦች ስፔንን ረጅም ዘመን ገዝተዋልና ከእነሱ የቀረ ነው ይላል። እርግጡን የሚያውቅ የለም።"

ቀርከሃ ሊሸጡልን የመጡ የቤርታ ሽማግሌ እሽጋቸው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። "ዐረብ ከሆነ እኔ ያውቃል" አሉ። "'ማት' ሞተ ነው። ሱዳን ውስጥ ሰው ሲሞት 'ማት፣ ማት' ይላል። እኛ ቤትም ይላል። ይሄ ቃል ስፔን ድረስ ሄደ? አጂብ! እግር አለው።"

እኔ ያን ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ከፍርሃት ሳይሆን ከደስታ። አንድ ቃል ባሕር ተሻግሮ፣ ሰው ጃኬት ላይ ተሰፍቶ፣ ሞተር ተሳፍሮ አሶሳ ይገባል? ሌሎቹ ግን የሰሙት ሌላ ነበር። ጎረቤታችን ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ።

"እንግዲህ በስፔኑም ሞት፣ በዐረቡም ሞት። ሦስተኛ ምስክር የሚፈልግ አለ?"

ሰኞ ሰውዬው ሲመጣ መንገድ ላይ ጠበቁት።

"ገዳይ ነህ አሉ" አለው ጎረቤታችን፣ እንደ ቀልድ አድርጎ።

ሰውዬው መጀመሪያ አልገባውም። ሲያስረዱት ጃኬቱን አውልቆ ጀርባውን አየው፤ እንደ አዲስ ነገር። "ከሰልባጅ ተራ ነው የገዛሁት" አለ። "እኔ ከነፋስ ጋር እንጂ ከበሬ ጋር ጠብ የለኝም።"

ሳቁለት። በማግስቱ ግን ጃኬቱን ገልብጦ፣ ገበሩን ወደ ውጭ አድርጎ ለብሶ መጣ። ሰው ቅር እንዳይለው ብሎ ነው፣ አሁን ሳስበው። ያኔ ግን መንደሩ ያለውን ብትሰሙ!

"አያችሁ? ደበቀው። ንጹሕ ሰው ምን ያስደብቀዋል?"

አንድ ጊዜ ጥርጣሬ ከገባ እንደዚህ ነው። ብታሳየው ያስፈራል፣ ብትደብቀው ይብሳል። እኔ ራሴ ዛሬ ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ ሁለቴ መስታወቱን ካየ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ እስባለሁ፤ ሰውዬው የሚያየው ከኋላ የሚመጣውን መኪና ሊሆን ይችላል እኮ።

ከዚያ በኋላ ጨርቆቹ መቀደድ ጀመሩ። ማን ቀደደው ብትሉ ማንም። ሰማያዊው ጨርቅ ግን በኋላ በሕፃናት ሱሪ ላይ እየታየ ነበር። ሰውዬው ዝም ብሎ አዲስ ይሰቅላል፤ እነሱም ዝም ብለው ያወርዳሉ።

በዚያ ሰሞን የእኛ በሬ ታመመ። ፀጉሩ ቆመ፣ ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ሥር ለምለም ሣር እያለ ራሱን ደፍቶ ይውላል። የጎድን አጥንቱን ከሩቅ መቁጠር ይቻል ነበር። አንድ ማለዳ ተኝቶ አልነሣ አለ። አባባ ሲያነሣው ይንቀጠቀጥና መልሶ ይተኛል። ገንዲ ነው፤ ሁላችንም አወቅን። ከዚያ በፊት በገንዲ ወድቆ የተነሣ በሬ በመንደራችን አልታየም ነበር።

ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ ቢስሚላህ ተብሎ ይታረድ። ሥጋው ቅርጫ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ቤት መደቡን ይወስዳል፣ የሚያዋጡት ለአባባ ጥጃ መግዣ ይሆነዋል። ከሞተ ግን በክት ነው፤ ለጅብ። የደግ ሰው ምክር ነበር፣ ክፋት የለበትም። ጎረቤታችን ራሱ ቢላዋውን ይስል ነበር፤ ቢላዋው ሽክ ሽክ ሲል እናቴ ጆሮዋን እየያዘች ወደ ጓዳ ገባች። ደጃችን ላይ ቅጠሉ ተነጠፈ። በሬው ዓይኑን ገልጦ ሁላችንንም ያየናል።

የሞተሩ ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው።

ሰውዬው ከሞተሩ ዘሎ ወረደና "ቆይ፣ አትረዱት!" አለ። "አንድ መርፌ ልውጋው።"

"መጣ" አለ ጎረቤታችን። "ሰይፉን ይዞ መጣ።"

የተሳቀው ሳቅ ደስ አይልም ነበር። የመንደሩ ሼኽ እጃቸውን አንሥተው ሰውን ዝም አሰኙና ሰውዬውን ጠየቁት።

"ልጄ፣ ብትወጋው ይድናል?"

"ሊድን ይችላል።"

"ሊሞትስ?"

"ሊሞትም ይችላል። ደሙ በጣም አልቋል።"

"መርፌው ገብቶ ቢብሰው፣ ያኔ ልናርደው እንችላለን?"

"አይሆንም። መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቆያል። ለሰው አይበላም።"

ጉምጉምታው ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ገባችሁ አይደል? ወይ ቢላዋ፣ ወይ መርፌ። ቢላዋው እርግጥ ነው፤ ዛሬ ሥጋ፣ ነገ ጥጃ፣ ከዓመታት በኋላ ምናልባት በሬ። መርፌው ወይ በሬውን ይመልሳል ወይ ሁሉንም ይወስዳል። በሬ የሌለው ሰፋሪ ደግሞ መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ የሰው ቤት ሎሌ ነው የሚሆነው፤ አይተናል።

ጎረቤታችን ቢላዋውን እንደያዘ ወደ ሰውዬው ቀረበ። "ማል" አለው። "ገዳይ ካልሆንክ፣ በምታምነው ነገር ሁሉ፣ 'ይህ በሬ ይድናል' ብለህ ማል። ማልና ቢላዋዬን ወደ አፎቱ እመልሳለሁ።"

"ይማል!" አለ ሰው። "ይማል እንጂ!"

"አልምልም" አለ ሰውዬው።

"አያችሁ!"

"በሬውን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። እንዴት ብዬ እምላለሁ?"

ኩባ ከኋላ "ወገኖቼ፣ ስም ነው እኮ፣ ጃኬት ነው!" ብሎ ጮኸ።

"አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከን!" ብለው ዝም አሰኙት። ምስኪን፣ ያን ቀን በሁለት ቋንቋ አፈረ።

አባባ በሬው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ነበር፤ እጁ አንገቱ ላይ። አባባ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ቀና ሳይል፣ ለበሬው የሚያወራ በሚመስል ድምፅ ተናገረ።

"ከወሎ ሲያመጡን ምለው ነው ያመጡን። ቤት አለ ብለው ማሉ፣ ውሃ አለ ብለው ማሉ። ታመን ስንወድቅ ሐኪም ነገ ይመጣል ብለው ማሉ። ሁለቱን ልጆቼን እዚሁ ቀበርኩ። ከቢሮ ከመጣው ሰው ሁሉ ያልማለልኝ ይሄ ልጅ ብቻ ነው።" ከዚያ ቀና አለ። "ውጋው።"

ሰውዬው መርፌውን ሞላ፣ መጠኑን ደጋግሞ አየ፤ እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ አየሁት፣ እሱም ይፈራ ነበር። ሲወጋው በሬው ጭራውን እንኳ አላነቃነቀም።

ጎረቤታችን ቢላዋውን ጠረገ። "አያ፣ እኔን ጥለህ እሱን አመንክ። ደግ። እንግዲህ የየብቻችን ነን" አለና ቀንበሩን ከደጃችን አንሥቶ በትከሻው ተሸክሞ ሄደ። የተነጠፈው ቅጠል እዚያው ደረቀ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ባላወራ እመርጣለሁ። ሰው ደጃችን ሲያልፍ ሰላምታውን ያሳጥራል። እናቴ ለአባባ ራቱን አስቀምጣ ፊቷን ሳታዞር ወደ ጓዳ ትመለሳለች። ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ያያል፣ "ገና ነው" ይላል፣ ይሄዳል። እኔም ልንገራችሁ፣ በልቤ እጠረጥረው ነበር። እጁን አየው ነበር፤ ከኪሱ ምን እንደሚያወጣ፣ ምን እንደሚያስቀምጥ።

አንድ ንጋት ላይ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነበር፤ ክርችም፣ ክርችም። ተነሥቼ በግድግዳው ስንጥቅ አየሁ። በሬው ቆሞ፣ አባባ የቆለለለትን ሣር እያላመጠ ነው። አባባ አጠገቡ ቆሟል፣ አይነካውም፣ አይናገረውም። ከነኩት የሚወድቅ ይመስል።

ጥርጣሬው እዚያ ላይ ያለቀ ይመስላችኋል። አላለቀም። በሳምንታት ውስጥ የሌሎች ሰዎች ከብት መታመም ጀመረ፤ ጨርቅ የለ፣ ዝንቡ ወንዙን ሞልቶታል። የጎረቤታችንም በሬ ወደቀ። እሱ ሐኪሙን አልጠራም፤ አረደው። መንደሩ ደግሞ አዲስ ነገር አገኘ።

"የእነሱን በሽታ አውጥቶ እኛ ላይ ጣለው። ባይሆን የእነሱ ብቻ እንዴት ዳነ?"

ሽማግሌ ተመርጦ ወደ ቢሮ ተላከ፤ ይሄ ሰው ይነሣልን ብሎ። አባባን ሲጠሩት አልሄድም አለ። እነሱ ግን ሄዱ። ቢሮው አዲስ ነው፤ ከሕዝብ ጋር መጣላት አይፈልግም። ሰውዬው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ ተባለ፤ ለሰላም ሲባል።

የሚሄድበትን ጠዋት አባባ በሬውን ፈታ። "ወዴት ነው?" አለች እናቴ። አልመለሰላትም። እኔ ተከተልኩት። በመንደሩ መሃል፣ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ እያየው፣ በሬውን እየሳበ አሶሳ ከተማ ገባ። መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ጭሱን ያንቦለቦላል፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ዕቃ ያስራል። ደላላ በሬ ሲያይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ከበቡን።

"አባት፣ ስንት ይላሉ?"

"አይሸጥም።"

"ታዲያ ሊሳፈር ነው?"

ሰው ሳቀ። አባባ በሬውን በሳቁ መሃል እየሳበ አለፈ። ሰውዬው አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በሸሚዝ ብቻ። ሲያየን ብድግ አለ።

"እንድታየው ብዬ ነው" አለ አባባ።

ሰውዬው በሬውን ዞረው። ጀርባውን ዳሰሰ፣ ጎኑን ዳሰሰ፣ ግንባሩን ለግንባሩ ሊያስነካ ምንም አልቀረው። ረዳቱ "ሳጥኑን አቀብለኝ፣ ልንሄድ ነው!" እያለ ይጮሃል።

"ልጄ" አለ አባባ፣ "ስምህ ማን ነው?"

ሰውዬው አየው። ለረጅም ጊዜ ያልተጠየቀውን ነገር የተጠየቀ ሰው ፊት ነበር። ስሙን ነገረው። አባባ እንዳይረሳው ከንፈሩን እያነቃነቀ አንድ ጊዜ ደገመው። አውቶቡሱ ወደ ባምባሲ መንገድ ታጠፈ፤ አቧራው እስኪያርፍ ቆምን፣ ከዚያ ተመለስን።

በሬው ዳነ፤ አብሮት የሚጠመድ ግን አጣ። በአንድ በሬ አይታረስ። ያን ክረምት ማሳችንን በዶማ ቆፈርነው፤ አባባ፣ እናቴ፣ ወንድሞቼና እኔ፣ መዳፋችን እስኪላጥ። በሬው ዳር ላይ ታስሮ እያየን፣ አንገቱን ወደ ጎረቤታችን ደጅ ያዞር ነበር። እነሱም ማዶ እንደኛ ይቆፍራሉ። ያለ ሰላምታ ስንቆፍር ክረምቱ አለቀ።

ጎረቤታችን ደጃችን የመጣው መኸሩ ከገባ በኋላ ነው። አንድ ወይፈን ገዝቶ ነበር፤ በገመድ ይዞት መጣ። ቆመ። አባባ መቀመጫ አቀረበለት። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ፣ ስለ ማሽላው ተነጋገሩ፣ ነገሩ አልወጣ አለ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይሄ ወይፈን ሣር መብላት እየቀነሰ መጥቷል፤ ፀጉሩንም አልወደድኩትም። እንደው ያ… ያ ማታዶሩ ቢኖር…"

"ስም አለው" አለ አባባ።

ጎረቤታችን ገመዱን በጣቱ ላይ ጠመጠመ፣ ፈታ። መሽቶብን ፊቱ በደንብ አይታየኝም ነበር።

"ማን ነበር ስሙ?" አለ።

አባባ ነገረው።